ብረት ሁሉ አንድ አይደለም
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «የብረታ ብረትና የሌሎች የሥራ ዕቃዎች ጠባይና ጥቅም» የሚል ነው። ርእሱን ላይ ላዩን ለሚያየው የምሕንድስና ተማሪ ብቻ የሚገባበት ይመስላል። ነገር ግን የሕግም ሆነ የታሪክ ተማሪ የሚያድረው በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ የሚወጣና የሚወርደው በአርማታ ደረጃ፣ የሚበላውም በኤሌክትሪክ ምጣድ የተጋገረ እንጀራ ስለሆነ ጉዳዩ የሁላችንም ነው። ስለዚህ ያለ ብዙ ቀመር፣ ማንም ሊከተለን በሚችል መንገድ ለመናገር እንሞክራለን።

አማርኛችን ለሚያውቀው ነገር ቃል አያጣም። ለፈረስ መልክ ብቻ እንኳ ዳማ፣ ጉራቻ፣ ቦራ እያለ ይለያል። ወደ ብረት ስንመጣ ግን ማረሻውም ብረት፣ ሐዲዱም ብረት፣ ምስማሩም ብረት፣ የሞተሩም አካል ብረት ነው። «አረብ ብረት» የሚለው የቆየ ቃል ጠንካራውን ከለስላሳው ለመለየት የሚያገለግል ነበር፤ ዛሬ ግን ከመዝገበ ቃላት ውጭ የሚሰማው ከስንት አንዴ ነው። በስም አንድ የሆነውን ነገር ሰው በሥራም አንድ ያደርገዋል። እኛ ዛሬ የምንለው ይህ ነው፤ የብረት ጠባይ የሚታወቀው በውስጡ በተቀየጠው ነገርና ባለፈበት እሳት ነው፤ ይህን ሳያውቁ ለብረት ሥራ መስጠት ደግሞ ገንዘብ ያጠፋል፤ አንዳንድ ጊዜም ሕይወት ያጠፋል።

ምሳሌዎቻችንን ከሩቅ አገር ፋብሪካ አናመጣም፤ ሁላችንም ከምናውቃቸው ከቂርቆስና ከካዛንቺስ እንወስዳለን። ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው የጣልያንኛ ቃል ነው። «ካዜ» ማለት ቤቶች ማለት ሲሆን፣ «ኢንቺስ» ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው ድርጅት ስም በአጭሩ ነው። በዚህ አካባቢ የወረራው ዘመን ቤቶች፣ ከዚያ በኋላ የተሠሩ ባለ ቆርቆሮ የጭቃ ቤቶች፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽና የዛሬዎቹ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃዎች ጎን ለጎን ታይተዋል። የብረታ ብረትን ታሪክ ለመማር ከዚህ የተሻለ መጽሐፍ አይገኝም።

በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት በካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች ሠፈሮች መዛወራቸው ይታወቃል። ቤት ሲፈርስ ጭቃው አፈር ይሆናል፤ ብረቱ ግን ይቀራል። ከጣሪያ የወረደ ቆርቆሮ፣ ከአርማታ የወጣ ፌሮ፣ የላሜራ በር፣ የውሃ ቧንቧ፣ የመዳብ ሽቦ፣ የአሉሚኒየም ድስት፣ ይህ ሁሉ ወይ ባለቤቱ ተሸክሞት ይሄዳል፣ ወይ ቁራሌው ይገዛዋል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ከእነዚህ ዕቃዎች የትኛው እንዳለ ለሁለተኛ ቤት ይሆናል? የትኛውስ ወደ እቶን መመለስ አለበት?

በመጀመሪያ የብረትን ቤተ ሰብ እንመልከት። ንጹሕ ብረት ለስላሳ ነው። የሚያጠነክረው በዋነኛነት ካርቦን፣ ማለትም በከሰል ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ነው። የሚያስደንቀው መጠኑ ነው። ከ0.25 በመቶ ያነሰ ካርቦን ያለበት ብረት ይታጠፋል፣ ይበየዳል፣ ይሳባል፤ ምስማር፣ ላሜራና ማሰሪያ ሽቦ የሚሠሩት ከዚህ ነው። ካርቦኑ ወደ 0.5 ወይም 0.6 በመቶ ከፍ ሲልና ሲሊከን ወይም ክሮሚየም ሲጨመርበት፣ ጎብጦ ወደ ቦታው የሚመለሰው የመኪና ባሌስትራ ይሆናል። ሐዲድ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.6 እስከ 0.8 በመቶ ይይዛል። ካርቦኑ ከ2 በመቶ አልፎ እስከ 4 በመቶ ሲደርስ ደግሞ መካኒኮቻችን ጊዛ የሚሉት ይሆናል። ጊዛ በቀላሉ ይቀልጣል፣ በቅርጽ ይፈስሳል፣ ሸክምም ይችላል፤ በመዶሻ ቢመቱት ግን ይሰበራል እንጂ አይታጠፍም። ከምስማር እስከ ሞተር ያለው ርቀት እንግዲህ ከመቶ እጅ ጥቂት ክፍል ከሰል ነው ማለት ነው።

ባቡር ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ ይገባበት የነበረው የለገሃር ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነበር። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማችን ቀላል ባቡር ግን 1,435 ሚሊሜትር በሆነው ስፋት ይሄዳል። ስፋቱ ቢለያይም የሁለቱም ሐዲድ ችግር አንድ ነው። የባቡሩ ጎማ ሐዲዱን የሚነካበት ቦታ ከአንድ ሳንቲም ፊት ብዙም አይበልጥም፤ በዚያች ትንሽ ቦታ ላይ ብዙ ኩንታል ይጫናል። በሐዲድ ፋንታ ለስላሳ ብረት ቢነጠፍ በአጭር ጊዜ ተጨፍልቆ ያልቅ ነበር። ጊዛ ቢነጠፍ ደግሞ ይሰነጠቅ ነበር። ሐዲድ በሁለቱ መካከል የተመረጠ ብረት ነው።

ከቅይጡ ቀጥሎ የሚመጣው እሳቱ ነው። አንድ ቁራጭ ባሌስትራ ወስደን እስኪቀላ አግለን በዝግታ ብናቀዘቅዘው በሞረድ የሚሞረድ ለስላሳ ይሆናል። ያንኑ ቁራጭ እንደገና አቅልተን በድንገት ብናጠልቀው ሞረድ የማይነካው ጠንካራ፣ ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ ቀጥቃጭ ካጠለቀው በኋላ መልሶ በመጠኑ ያሞቀዋል። የጸዳው ፊቱ የገለባ ቀለም ሲያወጣ ሙቀቱ ወደ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ሰማያዊ ሲሆን ደግሞ ወደ 300 ዲግሪ ደርሷል። ለቢላዋ ስለት የገለባው ቀለም፣ መታጠፍና መመለስ ላለበት ዕቃ ሰማያዊው ይስማማል። ማንበብና መጻፍ ያልተማረ ቀጥቃጭ ይህን በዓይኑ ሲያነብ፣ እኛ በሠንጠረዥ የምናነበውን ዕውቀት በእጁ ይዞ እናገኘዋለን።

ለዚህ ነው ባሌስትራን እንደ ተራ ላሜራ መበየድ አደገኛ የሚሆነው። ከብየዳው ጎን ያለው ክፍል በፍጥነት ግሎ በፍጥነት ስለሚቀዘቅዝ፣ ሳይታሰብ የመጥለቅን ያህል ጠንክሮ ተሰባሪ ይሆናል። ብየዳው ራሱ ያማረ ሊመስል ይችላል፤ ስንጥቁ የሚጀምረው ግን ከጎኑ ነው።

አሁን ወደ ፌሮ እንምጣ፤ የብዙ ሰው ሕይወት የተንጠለጠለው በእርሱ ላይ ነውና። ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር ተቦክተው ሲደርቁ ጭነትን በሚገባ ይሸከማሉ፤ የመጎተት ኃይል ሲመጣባቸው ግን ከተሸከሙት አንድ አሥረኛ ያህል እንኳ ሳይደርሱ ይሰነጠቃሉ። የሚጎተተውን ፌሮው ይይዛል፤ የሚጨመቀውን አርማታው ይይዛል። ሁለቱን ያዋደዳቸው የተፈጥሮ ዕድል አለ። ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲጨምር 1 ሜትር ብረት በ0.012 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል፤ አርማታም በ0.010 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። አሉሚኒየም ቢሆን በ0.023 ሚሊሜትር ያህል ስለሚረዝም፣ ቀን በፀሐይ ሌሊት በብርድ አርማታውን ይላቀቀው ነበር። ከዚህም በላይ ጤነኛ አርማታ ፌሮውን ከዝገት ይጠብቀዋል። ነገር ግን አርማታው ስስ ወይም ብዙ ቀዳዳ ያለው ከሆነና ውሃ ከገባ ፌሮው ይዝጋል፤ ዝገትም ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ አርማታውን ከውስጥ ወደ ውጭ ይፈነቅለዋል። በረንዳ ሥር የተላጠ አርማታና ቀይ ፌሮ ስናይ በሽታው ይህ ነው።

ቁጥሩን እንመልከት። ባለ 12 ሚሊሜትር ፌሮ የፊቱ ስፋት 113 ስኩዌር ሚሊሜትር ነው። በዛሬው ዘመን በሰፊው የሚሠራበት ጠንካራ ፌሮ ከሆነ፣ መልሶ የማይቃና መለጠጥ ከመጀመሩ በፊት ወደ 48 ኩንታል ይይዛል። ከለስላሳው ብረት የተሠራ ከሆነ ግን በዚያው ውፍረት የሚይዘው ከ29 ኩንታል አይበልጥም። በአንድ ዘንግ የ19 ኩንታል ልዩነት አለ ማለት ነው፤ ይህንንም ዓይን ብቻውን ሊያየው አይችልም። ውፍረቱም ቢሆን ያታልላል። 12 ተብሎ የተሸጠው 11 ቢሆን የጎደለው 1 ሚሊሜትር ይመስላል፤ ኃይሉ ግን በ16 በመቶ ይቀንሳል። ይህን ለማወቅ ሚዛን ይበቃል። 12 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 12 ሚሊሜትር ፌሮ ወደ 10.7 ኪሎ መመዘን አለበት። ከዚህ በብዙ ካነሰ ነገር አለ።

ከፈረሰ ቤት የወጣ ፌሮስ? ብዙ ጊዜ ተጣሞ ይወጣል፤ ከዚያም በመዶሻ ተቃንቶ ለሽያጭ ይቀርባል። ብረት በታጠፈበትና በተቃናበት ቦታ ጠንክሮ እናገኘዋለን፤ ሳይሰበር የመለጠጥ ችሎታው ግን አልቋል። መለጠጥ ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። ቤት ከመውደቁ በፊት የሚጎብጠውና የሚሰነጠቀው፣ ለሰውም መሸሻ ጊዜ የሚሰጠው ፌሮው እየተለጠጠ ስለሚይዘው ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ እንደተሰማ እናስታውሳለን። በእንዲህ ያለ አገር መለጠጥ የማይችል ፌሮ በምሰሶ ውስጥ መቅበር አይገባም። ደግሞም ዛሬ ከፋብሪካ ከሚወጣው ፌሮ ብዙው እንደጋለ በውሃ በመቀዝቀዝ ጥንካሬውን ያገኘ ስለሆነ፣ ለማጠፍ እንዲመች ብሎ በእሳት ማቅላት ያንን ጥንካሬ ይወስድበታል። ስለዚህ ምክራችን ግልጽ ነው። ከፍርስራሽ የወጣ ፌሮ ለአጥር፣ ለአበባ መደገፊያ፣ ለመስኮት ፍርግርግ ይሁን፤ ለምሰሶ፣ ለወለልና ለደረጃ ግን አይሁን።

ወደ ቆርቆሮ እንለፍ። እዚህም ቃሉ ያሳስተናል። ቆርቆሮ የሚለው ስም በሳይንስ ራሱን የቻለ አንድ ንጥረ ነገር ነው፤ ከመዳብ ጋር ተቀይጦ ነሐስ የሚሆነው እርሱ ነው። የጣሪያችን ቆርቆሮ ግን ከዚህ ንጥረ ነገር ምንም የለበትም። ስስ ላሜራ ሆኖ በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። ዚንክ ከብረት ይልቅ ለዝገት የፈጠነ ስለሆነ፣ ሁለቱ እርጥበት ባለበት አብረው ሲሆኑ ዚንኩ ራሱን እየበላ ብረቱን ያድናል። ልባሱ በጥቂቱ ቢጫር እንኳ ዙሪያው ያለው ዚንክ የተጫረውን ቦታ ይጠብቃል። በቀለም የተቀባ ብረት ይህን አያደርግም፤ ቀለሙ የተሰነጠቀ ዕለት ዝገቱ ከሥሩ ይገባል።

ይህ ወዳጅነት በሌላ ቦታ ጠላትነት ይሆናል። በዚንክ የተለበጠውን የውሃ ቧንቧ ከመዳብ ቧንቧ ጋር ያለ መለያ ብናገናኘው፣ መዳቡ ሳይነካ ቧንቧው ከመጋጠሚያው ጀምሮ ይበላል። ሁለት ዓይነት ብረቶች በእርጥበት ሲነካኩ አንደኛው ለሌላው እንደሚሞት አንርሳ።

የቆርቆሮ ውፍረት በጌጅ ይነገራል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ውፍረቱ ይቀንሳል። ባለ 28 ጌጅ ወደ 0.4 ሚሊሜትር፣ ባለ 30 ወደ 0.3፣ ባለ 32 ወደ 0.25 ሚሊሜትር ነው። ይህን የማያውቅ ገዢ ቁጥሩ ከበዛ ዕቃውም የበዛ መስሎት ስሱን ቆርቆሮ ይገዛል። ታዲያ እንዲህ የሳሳ ነገር ከማገር እስከ ማገር እንዴት ይቆማል? የሚያቆመው ሞገዱ ነው። ጠፍጣፋው ላሜራ በገዛ ክብደቱ ይጎብጣል። ያው ላሜራ የ17 ሚሊሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሞገድ ሲታጠፍ፣ በሞገዱ አቅጣጫ ለመጉበጥ ያለው ተቃውሞ በብዙ ሺህ እጥፍ ይጨምራል። ከዚህም አንድ ትልቅ ትምህርት እናገኛለን፤ ቅርጽ ራሱ ኃይል ነው፤ ጥሩ መሐንዲስም ብረት ከመጨመሩ በፊት ቅርጹን ያስባል።

ከጣሪያ የወረደ ቆርቆሮ እንደገና ለጣሪያ ይሆናልን? ፊቱ ግራጫ ከሆነ ወይም ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ካለበት ዚንኩ ገና አለ፤ ይሆናል። ቀይ ዝገት ከተስፋፋበት ዚንኩ አልቋል፤ ለአጥር ጥቂት ጊዜ ይቆይ እንደሆነ እንጂ ለጣሪያ አይበጅም። እርጥብ ጭቃ፣ አመድና ሲሚንቶ ዚንክን ስለሚበሉ ቆርቆሮውን መሬት ውስጥ መቅበር ወይም በሲሚንቶ መለሰን ዕድሜውን ያሳጥራል። የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ጨው የራቀ ስለሆነ ቆርቆሮአችን ከጅቡቲው የበለጠ ይቆያል። የክረምቱ ዝናብ ግን በምስማሩ ቀዳዳ ይገባልና አሮጌው ቀዳዳ በሚገባ መደፈን አለበት። በያጆችም ይስሙን፤ በዚንክ የተለበጠ ብረት ሲበየድ የሚነሣው ነጭ ጭስ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ሕመም ያመጣል። ልባሱን ከመበየጃው ቦታ ሞርዶ ማንሣትና ነፋስ ባለበት መሥራት ይገባል።

ከብረት ወጥተን ወደ መዳብና ወደ ዘመዶቹ ስንሄድ፣ መቀየጥ ምን ያህል ጠባይ እንደሚለውጥ ይበልጥ እናያለን። በሐዲዱ በላይ በተዘረጋው ሽቦ ቀላሉ ባቡር የ750 ቮልት ኤሌክትሪክ ይቀበላል። እንዲህ ላለው ሥራ መዳብ የሚመረጠው ኤሌክትሪክ ያለ ብዙ ኪሣራ ስለሚያሳልፍ ነው። የምጣዳችን ሥራ የዚህ ተቃራኒ ነው። ምጣዱ የሚፈልገው ኤሌክትሪኩን ተቃውሞ የሚግል ሽቦ ስለሆነ፣ ለዚህ የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ያገለግላል። ይህ ቅይጥ ከመዳብ 60 እጥፍ በላይ ኤሌክትሪክን ይቃወማል፤ ቀይ ሆኖም በአየር ውስጥ ቶሎ አይቃጠልም። በላዩ ያለው የሸክላ ምጣድ ደግሞ ሙቀቱን ለሊጡ በእኩል ያከፋፍላል፤ ኤሌክትሪኩንም ከጋጋሪዋ ይከለክላል። ሸክላ ሠሪዋና የኬሚስትሪው ሊቅ በአንድ ምጣድ ላይ ተገናኝተዋል ማለት ነው።

መዳብ ከ10 በመቶ ያህል ቆርቆሮ ጋር ሲቀየጥ ለሐውልትና ለመዘውር ማቀፊያ የሚሆን ነሐስ ይወጣል። በለገሃር ፊት የቆመው፣ በ1923 ዓ.ም. ለንግሥ በዓል የተተከለው የይሁዳ አንበሳ በወርቅ የተለበጠ ነሐስ ነው። ቆርቆሮው ወደ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ሲደርስ ደግሞ ድምፁ ሩቅ የሚሰማ የደወል ነሐስ ይሆናል፤ ነገር ግን ተሰባሪ ነው። ከዚንክ ጋር የተቀየጠው መዳብ በቀላሉ ስለሚፈለፈልና ቶሎ ስለማይዝግ የውሃ ቧንቧ መክፈቻ ይሠራበታል። በአንድ መዳብ ላይ የተለያየ እንግዳ ሲጨመር አንዱ ይዘምራል፣ አንዱ ውሃ ይዘጋል።

አሉሚኒየም ከብረት ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ ሢሶ ያህል ነው፤ ግትርነቱም እንዲሁ ሢሶ ነው። ስለዚህ ለመስኮትና ለበር ፍሬም ይመቻል፤ ብረት በሚቆምበት ቦታ ግን በዚያው ውፍረት ቢተኩት ሦስት እጥፍ ይጎብጣል። በ660 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ከአሮጌ ዕቃ አዲስ ለማፍሰስ ከብረት ይቀላል፤ አሮጌውን ማቅለጥም ከማዕድን አዲስ ለማውጣት ከሚያስፈልገው ኃይል 5 በመቶ ያህሉን ብቻ ይጠይቃል። ይህ ትልቅ በረከት ነው። አደጋም አለበት። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ቁርጥራጭ፣ የሞተር ክፍሉም፣ ሽቦውም፣ ቀለም የተቀባውም አብሮ ሲቀልጥ እርሳስ ሊገባበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በካሜሩን ከቁርጥራጭ ከተሠሩ የአሉሚኒየም ድስቶች እርሳስ ወደ ምግብ ሊወጣ እንደሚችል አሳይቷል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ስለሆነ ለድስት የሚቀልጠው ቁርጥራጭ ተለይቶ መቅለጥ አለበት።

ቤተ ሙከራ በሌለበት ብረትን እንዴት እንለያለን? አምስት ዘዴዎች እንጥቀስ። አንደኛ፣ ማግኔት። መዳብ፣ ነሐስና አሉሚኒየም በማግኔት አይሳቡም፤ ከማይዝገው ብረትም ለማብሰያና ለመታጠቢያ የሚሆነው አብዛኛው ዓይነት አይሳብም ወይም በጥቂቱ ብቻ ይሳባል። ሁለተኛ፣ ክብደት። እኩል መጠን ካላቸው አሉሚኒየም ቀላል፣ እርሳስ ከብረትም የከበደ ነው። ሦስተኛ፣ ሞረድ። ሞረድ የሚነክሰው ለስላሳ ነው፤ የሚንሸራተትበት የጠለቀ ነው። አራተኛ፣ ድምፅ። ጤነኛ ብረት ሲመታ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀ ጊዛ ድምፁ ይታፈናል። አምስተኛ፣ የእሳት ፍንጣሪ። በሚሽከረከር መሳያ ድንጋይ ላይ ለስላሳ ብረት ረጅምና ቀጥ ያለ ፍንጣሪ ያወጣል፤ ብዙ ካርቦን ያለበት ፍንጣሪው እንደ አበባ ይፈነዳል፤ የጊዛው አጭርና ቀላ ያለ ነው፤ መዳብና አሉሚኒየም ግን ፍንጣሪ የላቸውም። ሲሞከርም የዓይን መከላከያ አይዘንጋ።

መለየቱ ለቤት ሠሪ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። አሮጌ ብረት በፋብሪካ ቀልጦ እንደገና ፌሮ ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር የገባ መዳብ በማቅለጥ አይወጣም። መዳቡ ሲበዛ ብረቱ በጋለበት ጊዜ ሲዳመጥ ፊቱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከአሮጌ ሞተር ውስጥ የመዳቡን ሽቦ ፈትቶ ለብቻው የሚያስቀምጠው ቁራሌው ሁለት ሥራ ይሠራል፤ መዳቡን ለገበያ፣ ብረቱን ለፋብሪካ ያጠራል። በከተማችን የብረታ ብረት ጥበብ የመጀመሪያው ክፍል የሚጀመረው በእርሱ ጋሪ ላይ ነው።

ይህ ወደ መጨረሻው ነገራችን ያመጣናል። በአገራችን ብረት የሚሠራ ሰው ለረጅም ዘመን ሲናቅ፣ «ቡዳ» ሲባል፣ በጋብቻም ሲገለል ኖሯል። ያው የናቀው ሰው ግን ያለ እርሱ ማረሻ አላረሰም፤ ያለ እርሱ ጦር አልዘመተም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የአውሮፓንና የአገር ውስጥ ሠራተኞችን ሰብስበው፣ 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል የሚባለውን ሴባስቶፖልን አስፈሱ፤ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ያስጎተቱትም ይኸው ነው። የሥራን ክብር ያዩ ንጉሥ ነበሩ፤ ሥራው ግን ከእርሳቸው በኋላ አልቀጠለም። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። እኛ የተማርነው ወገኖች አፋችን ባይሳደብም እግራችን ከቀጥቃጩና ከበያጁ ደጅ አይደርስም። ንቀት በዝምታም ይነገራል።

በዚህ ምክንያት ሁለት ዕውቀቶች ተለያይተው ይኖራሉ። የእኛ ዕውቀት በመጽሐፍ ነው፤ የካርቦኑን መቶኛ እናውቃለን፤ የጋለ ብረት ቀለም ግን በዓይናችን አይተን የማናውቅ ብዙዎች ነን። የእነርሱ ዕውቀት በእጅ ነው፤ ቀለሙን ያውቃሉ፤ ባሌስትራው አጠገብ ብየዳው ለምን እንደሚሰነጠቅ ግን የነገራቸው የለም። በሁለቱ መካከል በተከፈተው ክፍተት ገብቶ የሚወድቀው ደረጃውን የሚወጣው ሰው፣ በዚያ ጣሪያ ሥር የሚያድረው ቤተ ሰብ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችንና ለመምህራኖቻችን ሦስት አሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ የብረታ ብረት መመርመሪያ ያለበት ቤተ ሙከራ ቢያንስ በሳምንት ግማሽ ቀን ለአካባቢው ቤት ሠሪዎች፣ በያጆችና ቀጥቃጮች ይከፈት፤ ያመጡት ፌሮ ይጎተት፣ ይመዘን፣ ውጤቱም በአማርኛ ተጽፎ ይሰጣቸው። ሁለተኛ፣ ከላይ የተናገርናቸው አምስት ዘዴዎችና የፌሮ የክብደት ሠንጠረዥ በአንድ ገጽ ታትመው ለቤት ሠሪውም ለቁራሌውም ይዳረሱ። ሦስተኛ፣ የምሕንድስና ተማሪ ሁሉ ከመመረቁ በፊት ጥቂት ሳምንታት በቀጥቃጭ ወይም በበያጅ ቤት እንዲሠራ ይደረግ፤ ሠራተኞቹ በየዕለቱ የሚሉትንም ቃል፣ ጊዛውን፣ ባሌስትራውን፣ ላሜራውን ከሳይንሱ ስም ጋር አጣምሮ ይመዝግብ። ቋንቋችን ለብረት ዓይነቶች የሚያንሰውን ቃል የሚሞላው ከዚያ ነው።

ለዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ትሕትናና ጥቂት የቅዳሜ ጠዋቶች ናቸው። ፈቃደኛ የሆነ ጓደኛችን ሁሉ ከዚህ ስብሰባ በኋላ ስሙን እንዲያስመዘግብ እንጠይቃለን። የመጀመሪያው ሥራ ፌሮውን በሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነው።